ከባለቤቴ ሸሚዝ የሸተተኝ ቤንዚን

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድሜ፣ ለእናቴ ልጅ፤

እንደምን አለህልኝ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ በነካህ ቁጥር የሚነሳብህ የጎን ውጋት ተወህ ወይስ እኔ እንዳላስብ ብለህ ነው ደህና ነኝ የምትለው? እንቅልፍህስ? ምግብህስ? አብሮህ የሚኖረው ልጅ አሁንም ከልብሶችህ እየመረጠ ይለብሳል? እኛ ከአንተ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናታችን ደህና ናት፤ ጆሮዋ ብቻ የፈለገውን ሰምቶ ያልፈለገውን ይተዋል። ልጄም ደህና ናት፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ትንሽ አሮጊት ሆናለች። ደህና ነን ስልህ ግን ዝም ብለህ እንዳታምነኝ። ወሬው ረዘም ስለሚል አረፍ በልና አንብበው።

በስልክ ያልነገርኩህ ለምን እንደሆነ ሳትገምት አትቀርም። የዚህ ቤት ግድግዳ ስስ ነው፤ ከወዲያ በኩል ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን አለች። ስልክ ባነሳሁ ቁጥር የስፌት መኪናዋ ቀጥ ይላል። አንድ ቀን ልፈትናት ብዬ ስለ ጉልበቴ በሹክሹክታ ባወራ፣ በማግሥቱ ለጉልበት የሚሆን ቅባት ይዛልኝ መጣች። ደግ ሴት ናት እንዳልል፣ ጉልበቴን ማን ነገራት?

ባለፈው ደብዳቤዬ እናታችንንና ልጄን ይዤ ወደ አንተ ልምጣ ብዬ ለምኜህ ነበር። አንተም ክፍል አግኝቼልሻለሁ፣ ነገር ግን ቤትሽን ከማፍረስሽ በፊት ባልሽን ፊት ለፊት ጠይቂው ብለህ መለስክልኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያን ሳነብ አንተንም ጠረጠርኩህ። ወንድ ከወንድ ጋር ይሸፋፈናል አልኩ። ይቅር በለኝ፤ ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል እየሰማን አይደል ያደግነው? እንግዲህ መምጣት አለመምጣቴን ከመናገሬ በፊት ነገሩን ከሥሩ ስማኝ።

ያችን አሮጌ ነጭ መኪና ታውቃታለህ። ባለቤቴ የኋላ ወንበሮቿን ነቅሎ የዳቦ ሳጥን ይደረድርባታል፤ ከዳቦ ቤቱ እየተቀበለ ለየሱቁ ያደርሳል። አቧራ ዳቦው ላይ እንዳያርፍ ብሎ መስኮቱን ሁሉ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ነው የሚነዳው። በዚያ ሙቀት እሱ በላብ ይጠመቃል እንጂ ዳቦው አቧራ አይነካውም። በዚህ ጠባዩ ስንት ጊዜ እንደሳቅንበት ታስታውሳለህ።

ይህች መኪና በቅርቡ ቤንዚን መጠጣት ጀመረች። ድሮ ሳምንቱን የሚያደርሳት ለእኩሌታው አልበቃት አለ። ምን ሆና ነው ብለው፣ አርጅታለች፣ ያረጀ ነገር ብዙ ይጠጣል አለኝ። እናታችን ከተቀመጠችበት፣ እኔን ነው የምትሉት ብላ ተቆጣች፤ በዚያው ተሳሳቅንና ነገሩ ታለፈ። እኔ ግን ሳቄን ጨርሼ ማሰብ ጀመርኩ። መኪናዋ የምትሄደው ያው መንገድ፣ የምትጭነው ያው ዳቦ። ታዲያ ቤንዚኑ ወዴት ይሄዳል?

አንድ ቀን ባዶውን የዳቦ ሳጥን ሳወርድለት ከመሪው ፊት ለፊት፣ ቆጣሪዎቹ ካሉበት ላይ፣ ቁራጭ የቁስል ፕላስተር ተለጥፎ አየሁ። ምንድን ነው ብለው፣ አንዲት መብራት አለች፣ ዓይኔን እየወጋች አስቸገረችኝ አለ። እሱ ሞተሩን ሳያጠፋ ዞር ሲል በጥፍሬ ፈልቀቅ አደረግኩት። ከሥሩ የሞተር ቅርጽ ያላት ቢጫ መብራት ቦግ ብላ በርታለች። መልሼ ለጠፍኩት። የሚሸፈን ነገር ካለ የሚደበቅ ነገር አለ ብዬ በሆዴ ያዝኩት።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከእሱ አልተነቀለም። አምሽቶ መግባት አመጣ። ሲገባም ምግቡን ገፋ ያደርግና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ሸሚዙ ሰፋው። በዚህ መሃል ልብስ ሰፊዋ የልጄን ቀሚስ ልለካ ብላ መጣችና፣ መርፌ በአፏ እንደያዘች፣ የባልሽን መኪና ወደ ሸክላ ፋብሪካው በሚወስደው መንገድ ቢጫው ቤት ጥግ ቆማ አየኋት አለችኝ። አንድ ቀን ቢሆን ባልነገርኩሽ፣ ከሰዓት በኋላ በሄድኩ ቁጥር እዚያው ናት፤ ቤቱ ደግሞ የአንዲት ፈት ሴት ነው፤ እኔ ምን አገባኝ፣ ግን እሳት በሌለበት ጭስ የለም አለች። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ቤንዚን ጨመርኩበት።

ሸሚዙን ለማጠብ ሳነሳ አሸተትኩት። የፈለግኩት ሽቶ ነበር። ያገኘሁት ቤንዚንና ጭስ ነው። ሌላዋ ሴት ብትሆን እፎይ ትል ነበር፤ እኔን ታውቀኝ የለ፣ ጭራሽ ባሰብኝ። ከመኪናዋ ታንከር እየቀዳ ለቢጫው ቤት ጀነሬተር ይሞላላታል ብዬ ደመደምኩ። ቤቱ ጀነሬተር ይኑረው አይኑረው እንኳ አላውቅም ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን መንዳት ላስተምርሽ ማለቱ ነው። ድሮ ማርሿን እንድነካ የማይፈቅደው ሰውዬ፣ በእረፍት ቀኑ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ወስዶኝ መሪውን አስያዘኝ። ሞተሩን ባጠፋሁ ቁጥር ቀስ ብሎ፣ አይዞሽ፣ እንደገና ይለኛል። ሚስቱን መንዳት እያስተማረ የማይጮህ ባል አይተህ ታውቃለህ? እኔ አላየሁም። ቀጥሎ ዳቦ ወደሚያደርስባቸው ሱቆች ይዞኝ ሄደና፣ ባለቤቴ ናት፣ አንድ ቀን እሷ ብትመጣ እንደ እኔ ተቀበሏት እያለ አስተዋወቀኝ። የጣራውን ቀዳዳ ደፈነ፤ የውሃውን ቧንቧ እንዴት እንደሚዘጋ አሳየኝ። ይህ ሰው ሊሄድ ነው አልኩ። ሲሄድ ኅሊናው እንዳይወቅሰው ሙያውን አስተምሮኝ፣ ቤቱን ጠጋግኖልኝ ሊሄድ ነው። ለአንተ የጻፍኩልህ የዚያን ቀን ነው።

የአንተ መልስ ሳይደርሰኝ ጋራዥ ደርሶ መጣና፣ የመኪናዋ ችግር ተገኘ፣ ሴንሰሯ ነው ተቀየረ አለኝ። ሴንሰር ምንድን ነው ብለው፣ ጭስ ማውጫው ላይ የተተከለ አፍንጫ ነገር ነው አለ። የሚወጣውን ጭስ እያሸተተ ቤንዚን በዛ፣ አየር በዛ እያለ ለመኪናዋ ኮምፒውተር ይነግራል፤ ኮምፒውተሩም እሱን አምኖ ቤንዚኑን ይቀንሳል ወይም ይጨምራል። ጥሩ፣ አልኩ። ጥቂት ቀን ጠበቅኩ፤ መልስህም በዚያው መሃል ደረሰኝ። ቤንዚኑ እንደ በፊቱ አለቀ። የተቀየረ ሴንሰር እንደሌለ፣ መካኒኩም የምስጢሩ ተካፋይ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ማለቴ የገባኝ መሰለኝ። በሚቀጥለው አብሬህ እሄዳለሁ አልኩት። ዘይት ልብስሽን ያበላሻል ብሎ ሊያስቀረኝ ሞከረ። የባሰ ለመሄድ ቆረጥኩ።

ጋራዡ ቆርቆሮ ጣራ ያለው፣ ወለሉ በዘይት የጠቆረ ግቢ ነው። ጎማ እንደ ግንብ ተደራርቦ፣ ሬዲዮ በሽቦ ተንጠልጥሎ ይለፈልፋል። መካኒኩን ሰው ሁሉ ቆይ-ቆይ ነው የሚለው፤ ምንም ብትጠይቀው መልሱ ቆይ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም፤ እውነትም አይወጣበትም አልኩ በልቤ። ገና ሰላም ሳልለው ፈታሁት ያልከውን አሮጌ ሴንሰር አሳየኝ አልኩት። ከአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ጭራው የተቆረጠ ሴንሰር አውጥቶ በእጄ አስቀመጠልኝ። አገላብጬ አየሁት። የማንም መኪና ሊሆን ይችላል አልኩ።

ከዚያ ከመሪው ሥር አንዲት ትንሽ ማንበቢያ ሰካና መኪናዋ የምታስበውን በቁጥር ያነብ ጀመር። አዲሱ ሴንሰር ቤንዚን አነሰ፣ አየር በዛ ይላል አለኝ። ቀጥሎ ኮፈኑን ከፍቶ በሞተሩ ውስጥ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈታ። ጥላሸት ጠግበው ከሰል መስለው ወጡ። ካንዴላ እንዲህ የሚጠቁረው ቤንዚን ሲበዛበት ነው አለና ራሱን አከከ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ነፍሴ ትነቃለች። አንዱ ምስክር ራበኝ ይላል፣ ሌላው ጠግቦ ያገሳል፤ ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል አልኩት። ቆይ-ቆይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ቆይ፣ ይህ ጥያቄ ጥሩ ነው አለ።

ሴንሰሩን ሊፈትነው ሞተሩን አስነስቶ በአየር ማስገቢያው በኩል የሚነድ ማጽጃ ጥቂት ረጨ። ማንበቢያው ላይ ቁጥሩ ወዲያው ተገለበጠ፤ ሴንሰሩ በዛ፣ በዛ ብሎ ጮኸ። አፍንጫው ጤነኛ ነው፣ ያሸትታል፣ ግን አንድ ነገር ያሳስተዋል አለ። ምን ያሳስተዋል ብለው ቆይ አለኝ። ሞተሩን አጥፍቶ እስኪበርድ ድረስ ጠብቁ ብሎን ወደ ሌላ መኪና ሄደ።

እኔና ባለቤቴ ከመኪና የተነቀለ አሮጌ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኗል። ፊት ለፊት ጠይቂው ያልከኝ ትዝ አለኝ። ቢጫው ቤት ጋ ምን አለ ብዬ ጠየቅኩት። ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ጥላ አለ አለኝ። የሚያሾፍብኝ መሰለኝና ከወንበሩ ተነሳሁ። ያን ሰዓት ትኬት በእጄ ቢኖር ከዚያው ከጋራዡ በር ነበር የምሳፈረው።

ሞተሩ ሲበርድ ቆይ-ቆይ ሳሙና በውሃ በጥብጦ መጣ። ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ሰብስቦ ወደ ቧንቧው የሚያስገባ፣ ማኒፎልድ የሚሉት ብረት አለ፤ ሴንሰሩ የተተከለው ከእሱ ቀጥሎ ነው። የብረቱን መሸፈኛ ፈታና ሳሙናውን ቀባው። ሞተሩን አስነስቶ ባለቤቴን ከኋላ የጭስ ማውጫውን አፍ በእርጥብ ጨርቅ እንዲያፍነው አደረገ። እኔን ደግሞ ነይ ተመልከቺ አለኝ። አጎነበስኩ። ከብረቱ ጎን፣ ጣት ከማይሞላ ስንጥቅ፣ የሳሙና አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። በስንጥቁ ዙሪያ ጥላሸት ተጋግሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው የኔ ወንድም። በዚያ ስንጥቅ ከውጭ ንጹሕ አየር ይገባል። ሴንሰሩ ያን አየር ያሸትትና አየር በዛ ይላል። ኮምፒውተሩ ያምነውና ቤንዚን ይጨምራል። ጨመረ፣ ጨመረ፣ መኪናዋ በቤንዚን ሰከረች። ሴንሰሩ አልዋሸም፤ አጠገቡ የገባውን ነው የተናገረው። አሮጌውም ቢሆን ምንም አልሆነም ነበር፤ ያለ ኃጢአቱ ነው የተነቀለው።

ቆይ-ቆይ እጁን እየጠረገ ወደ ባለቤቴ ዞረና እንደ ዋዛ፣ አንተ ሰው፣ በዚህ መኪና ስትነዳ ራስህን አያምህም ወይ አለው። ስንጥቁ አየር እንደሚያስገባ ሁሉ ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት ጭሱን ወደ ውጭ ይተፋዋል፣ ጭሱም በፊት መስታወቱ ሥር ባለው የአየር መግቢያ ወደ ውስጥ ይሄዳል፣ መስኮት ዘግቶ ለሚውል ሰው መርዝ ነው አለ። ባለቤቴ በቀጭን ድምፅ ጠየቀው። ያቅለሸልሻል ወይ? ከሰዓት በኋላ ይብሳል ወይ? ከመኪናው ወርዶ አየር ሲያገኝ ቀለል ይላል ወይ? ለሁሉም ቆይ-ቆይ አዎ አለ። ያን ጊዜ ባለቤቴ ጎማ ላይ ቁጭ አለና አጠገቡ ባገኘው የዘይት ጨርቅ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ምን ነበር መሰለህ? ተነቃበትና አለቀሰ የሚል። ራሴን ጠላሁት ስልህ እመነኝ።

መኪናዋን እዚያው ትተን በእግራችን ወደ ቤት ስንመለስ ነው ሁሉን የነገረኝ። ታላቅ ወንድሙ በምን እንደሞተ ታስታውሳለህ፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ብሎ የጀመረው በጭንቅላቱ ውስጥ የነበረ እብጠት ሆኖ ዓመት ሳይሞላ ቀበሩት። የእኔ ሰውዬም ራሱን ሲያመው ያው በሽታ ነው ብሎ ለራሱ ፈርዶ ነበር። ሐኪም ጋ አልሄደም፤ ሐኪሙ ካልነገረኝ ጥቂት እኖራለሁ ብሎ። ከሰዓት በኋላ መንገዱ ሲዞርበት ቢጫው ቤት ጥግ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ያቆምና በሩን ከፍቶ መሪው ላይ ይደፋል። ከቤቱ ሰው ጋር ሰላምታ እንኳ ተለዋውጦ አያውቅም። መንዳት ያስተማረኝ፣ ለባለሱቆቹ ያስተዋወቀኝ፣ ጣራውን የደፈነው፣ እሱ ሲሞት እኔና ልጄ ሜዳ ላይ እንዳንወድቅ ነው።

ታዲያ እንደምጠረጥርህ አታውቅም ነበር ወይ፣ ሌላ ሴት አለችው ብዬ ስብሰለሰል አላየኸኝም ወይ አልኩት። አውቅ ነበር አለኝ። ጎረቤቲቱ ያወራችውንም ሰምቻለሁ አለ። ዝም ያልኩት፣ የሞተ ባል ዕድሜሽን ሙሉ ከሚያስለቅስሽ የከዳ ባል አንድ ጊዜ አናድዶሽ ቢወጣልሽ ይሻላል ብዬ ነው አለኝ። መንገዱ መሃል ቆምኩ። ተናደድኩ፤ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ማን ፈቀደልህ ብዬ ጮህኩበት። የማለቅሰውን ልቅሶ ማን ምረጥልኝ አለህ አልኩት። ሰው ቆሞ ያየናል። እሱ ፊቱ በዘይት እንደጠቆረ ቆሞ ይሰማኛል። ከዚያ እጁን ይዤ እያለቀስኩ ቤት ገባን። እናታችን ፊቱን አይታ ይህ ሰው ከሰል መነገድ ጀመረ ወይ አለች።

በማግሥቱ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ። ደሙን ወሰዱ፣ ዓይኑን በመብራት አዩ፣ ወደ ሆስፒታል ልከውን ጭንቅላቱን በመሣሪያ አነሱት። ሐኪሙ ምንም የለበትም፣ ጭሱ ነው፣ መኪናው ይሠራ፣ እሱም ይረፍ አለ። አላመንኩትም፤ ድገምልኝ አልኩት። ደገመልኝ። ስንወጣ ነርሷን ለብቻዋ ጠይቄ ያንኑ ስትል ነው የተነፈስኩት። ልጄ አልፎ አልፎ በዚያ መኪና ትምህርት ቤት ስትደርስ እንደነበር ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል። ቆይ-ቆይ ከሌላ መኪና የተፈታ ደህና ማኒፎልድ አግኝቶ ገጠመልን፤ ቢጫዋ መብራትም ያለ ፕላስተር ጠፋች። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ራሱን አላመመውም። ትናንት ሁለት ጊዜ ጨምሩልኝ ብሎ በላ።

እንግዲህ መልሴ ይኸው፦ አልመጣም። ክፍሉን ለፈለገው ይስጡት፤ አንተንም ስላደከምኩህ ይቅር በለኝ። ይህን ሰው ያልጠረጠርኩበት ነገር የለም። በቤንዚን ጠርጥሬዋለሁ፣ በሴት ጠርጥሬዋለሁ፣ በትሕትናው ሳይቀር ጠርጥሬዋለሁ። ይህን ያህል ይወደኛል ብዬ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩም።

እናታችን ግንባርህን ትስምሃለች፤ ውፍረትህ የሚታይበት ፎቶ ላክልኝ፣ በወሬ አላምንም ብላለች። ከማን እንደወረስኩት አየህ? ልጄ አጎቴን ሳሙልኝ፣ አዲሱ ጥርሴ ጫፉ ታየ በሉልኝ ትላለች። አማችህም በጣም ሰላም ይልሃል። እዚሁ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ስለ እኔ ምን እየጻፍሽ ነው እያለ አንገቱን ያሰግጋል። ምንም አልኩት። አላመነኝም።

አንተን የማልጠግብህ እህትህ

ከቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር
የካቲት 12 ቀን